ፕራግ ላይ ላስጎበኘችን ሴት ምስጋና፣ ለመምህራን ጥቆማ

ሰላም የሙያ ባልደረቦቼ! ከእስራኤል በቡድን ሆነን ፕራግ ደርሰን መጣን። ዮሴፎቭን፣ የድሮውን የአይሁድ ሰፈር፣ ያስጎበኘችንን ሴት ሳላመሰግን ባልፍ ቅር ይለኛል። ስሟን አደባባይ አላወጣም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።

አስጎብኚ ብዙ አይቻለሁ። አብዛኛው የሸመደደውን ለቆ ይሄዳል። እሷ ግን ተረቱን ከታሪኩ ለይታ ነው የምትነግራችሁ። አሮጌው-አዲስ በሚባለው ምኩራብ (በ1270 አካባቢ የተሠራ ነው፣ ዛሬም ይጸለይበታል) የጎለምን ነገር፣ ራቢ ይሁዳ ሌው ከጭቃ ሰው አድርገው ሠሩት፣ እስካሁንም ጣሪያው ሥር ተኝቷል የሚባለውን፣ እያዋዛች አስቃ ነገረችን። ከዚያ ወዲያው ራቢው ያረፉት በ1609 እንደሆነ፣ ተረቱ በሳቸው ስም የተያያዘው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ እንደሆነ ጨመረችበት። ለልጆች ስንነግር ሁለቱንም አብረን እንድንነግር አደራ አለችን። በዕብራይስጥ ነው ያስረዳችን፣ ያውም ቀስ ብላ።

የድሮው የአይሁድ መቃብር ጋ ደግሞ ማብራሪያ አላስቀደመችም። ራሳችሁ ፈልጉ ብላ ለቀቀችን። ከ1439 እስከ 1787 የተቀበረበት ጠባብ ቦታ ነው፤ መሬት ሲያልቅባቸው አፈር እየጨመሩ በላይ በላዩ ቀበሩ፣ ለዚህ ነው ድንጋዮቹ እንዲያ የተደጋገፉት። ሁለት እጅ የተቀረጸበት የኮሄን (የካህናት ዘር) ነው፣ ማሰሮ ያለበት የሌዊ ነገድ። ከኛ መሀል ኮሄን የሆነ መምህር መቃብር ስለማይገባ ውጭ ቀርቶ ነበር። ማንም ሳይነግራት ሄዳ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አሳየችው። እኔን የገዛችኝ እዚህ ጋ ነው።

ፒንካስ ምኩራብ ግድግዳው ሙሉ ስም ነው። ከቦሄሚያና ከሞራቪያ፣ ከቼክ አገር ማለት ነው፣ በናዚዎች የተጨፈጨፉ ወደ 80,000 የሚጠጉ አይሁዶች፣ ስማቸው በእጅ ተጽፏል። እንደኛ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ሲጓዝ በሱዳን መንገድ ዘመድ ቀብሮ ለመጣ ሰው እዚያ መቆም ቀላል አይደለም።

እዚያው ቴሬዚን በሚባለው የናዚ ጌቶ ታስረው የነበሩ ልጆች ስዕል አለ። ያስተማረቻቸው ፍሪድል ዲከር-ብራንዳይስ ናት፤ ባውሃውስ በሚባለው የጀርመን የጥበብ ትምህርት ቤት የተማረች ሠዓሊ፣ ራሷም እስረኛ። ወረቀት ስለሌለ ልጆቹ ያገኙት ፎርም ጀርባ ላይ ሳይቀር ይስሉ ነበር፣ እሷም በስማቸው እንዲፈርሙ ታደርግ ነበር። በ1944 ወደ አውሽዊትዝ የናዚ ሞት ካምፕ ተወስዳ ተገደለች። ወደ 4,500 የሚሆኑ ስዕሎች ግን በሁለት ሻንጣ ተደብቀው ተረፉ። አብዛኞቹ ልጆች አልተረፉም።

አስጎብኚያችን ይሄን ክፍል ውስጥ እንዴት ታስተምሩታላችሁ ስትል ጭቅጭቅ ተነሳ። የስዕል መምህራችን መጀመሪያ ስዕሉን ብቻ እናሳይ፣ ዕጣቸው በኋላ ይምጣ አለች። የታሪክ መምህሯ ማን እንደሳለውና ምን እንደደረሰበት ካልታወቀ ስዕሉ ማስጌጫ ይሆናል ብላ ሞገተች። አስጎብኚዋ ከመጀመሪያዋ ጋር ናት። እኔ እስካሁን ከታሪክ መምህሯ ጋር ነኝ፣ ግን እንዲህ የሚያከራክር አስጎብኚ ከየት ይገኛል?

ቅሬታ ካላችሁኝ፣ ትፈጥናለች! እግር የሚያማቸው ካሉ አስቀድማችሁ ንገሯት፣ ታስተካክላለች። ቅዳሜና በአይሁድ በዓላት የአይሁድ ሙዚየሙ (መቃብሩና ፒንካስ ያሉበት) ዝግ ነው። ወንዶች ኮፍያ ያዙ። በአይሁድ ማዘጋጃ ቤቱ ላይ ያለውን የዕብራይስጥ ፊደል ሰዓት ደግሞ አሳዪን በሏት፤ ዘንጉ ወደ ኋላ ነው የሚዞረው።