የላሞቹ ሐኪም ገብሴን ሊያክም መጣ

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ሁለት ወር ዘግይቻለሁ። መጀመሪያ ዶሮዬ ገብሴ ትዳን ብዬ ጠበቅሁ። ከዳነች በኋላ ደግሞ ያከማት ሰውዬ እሺ አላለኝም። «ስሜን ጽፈሽ ሰው እንዳትሰበስቢብኝ» አለኝ። ስለዚህ ስሙን አልጽፍም። ግን ቢሾፍቱ የምትኖሩ፣ ላምም በግም ውሻም ያላችሁ፣ ወይም እንደኔ በአንዲት ዶሮ የተያዛችሁ ሰዎች ይህን ልጅ ብታውቁት ደስ ይለኛል። ስልኩን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ እሰጣለሁ። ይህን ፈቅዷል።

ገብሴ ባለፈው ፋሲካ ለወጥ የተገዛች ገብስማ ዶሮ ናት። ከሦስት አንዷ ነበረች። ሁለቱ ሄዱ፤ እሷ ግን ቅዳሜ ማታ፣ ቢላው እየተሳለ፣ ሳፋ ውስጥ ገብታ እንቁላል ጣለች። የሰባት ዓመቷ ልጄ በር ላይ ቆማ «እናት ናት፣ አትታረድም!» ብላ አለቀሰች። ባለቤቴ ቢላውን አስቀመጠ። ለነገሩ እሱም ሰበብ እየፈለገ ነበር መሰለኝ። የዚያ ዓመት ዶሮ ወጥ በሁለት ዶሮ ተሠራ፣ ገብሴም የቤት ሰው ሆና ቀረች። ብቻዋን እንዳትሆን በኋላ ሁለት ቄብ ገዛንላት።

ህዳር መጨረሻ ላይ፣ እሁድ ቀን፣ ወደ 10 ሰዓት ገደማ፣ በሩ ተከፍቶ ቀርቶ የጎረቤት ውሻ ገባ። ጎረቤቴ ይቅርታ ጠይቋል፣ ነገሩ በእሱ በኩል አልቋል። እኔ ስደርስ ላባ ግቢውን ሞልቶታል። ገብሴ ከውሃ በርሜሉ ኋላ ተወሽቃለች። በቀኝ ክንፏ ስር ጀርባዋ ላይ ቆዳው እንደ አሮጌ ጨርቅ ተቀዷል። ግራ እግሯ፣ ላባ የሌለው የታችኛው ክፍል፣ ተንጠልጥሏል። ቀዩ ኩክኒዋ ነጥቷል። ድምፅ አታሰማም። ዝምታዋ ነው ያስፈራኝ።

ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ሐኪም ሆነ። እናቴ የተፈጨ ቡና አምጥታ ቁስሉ ላይ ነሰነሰች። አንዷ ጎረቤት «ቅቤ ቀቢያት» አለች። ሌላው «ሳትሞት ቶሎ እረዷት» አለ። «ጾም እኮ ነው፣ ማን ሊበላት?» ስለው ዝም አለ። የነቢያት ጾም ገብሴን ለሁለተኛ ጊዜ አተረፋት ማለት ነው።

እኔ ስልክ ያዝሁ። መጀመሪያ የደወልኩለት የእንስሳት መድኃኒት የሚሸጥ ሰው ሳቀብኝ። ከሳቀ በኋላ የሰው ካፕሱል ከፍቼ ግማሹን በውሃ በጥብጬ እንዳጠጣት ነገረኝ። ሁለተኛው «ስንት ዶሮ ነው ያለሽ?» አለ። ሦስት አልኩት፤ የታመመችው አንዷ ናት። «ሺህ ሲሞላልሽ ደውዪ» ብሎ ዘጋው። በእርግጥ አልፈርድበትም። ከተማችን ዶሮ በሺህ የሚቆጠርባት ከተማ ናት። የእንስሳት ሕክምና ኮሌጁ እዚህ ነው፣ የእንስሳት ክትባት የሚመረተው እዚህ ነው፣ ትልልቆቹ የዶሮ እርባታዎች ዙሪያችንን ናቸው። እዚያ አንድ ዶሮ ስትጎዳ ትወገዳለች፤ ሒሳቡ ይኸው ነው። ግን የእንስሳት ሐኪም በሞላበት ከተማ ለአንዲት ዶሮ ሰው ማጣት ያናድዳል።

ቁጥሩን የሰጠችኝ ወተት የምታመጣልን ሴት ናት። «የኔን ላሞች የሚያይ ልጅ አለ፣ እሱ አይስቅብሽም» አለችኝ።

እውነትም አልሳቀም። ጥያቄ ነው የጀመረው። ደሙ ቆሟል? አፏን ከፍታ ነው የምትተነፍሰው? ሌሎቹ ዶሮዎች አጠገቧ ናቸው? «ናቸው» ስለው «አሁኑኑ ለያት፣ ዶሮ ደም ካየች የእህቷንም ቢሆን ትጠቀጥቃለች» አለኝ። ካርቶን ውስጥ ንጹህ ፎጣ አንጥፌ እንዳስገባት፣ ከላይ ጨርቅ ጣል አድርጌ ጨለማ እንዳደርግላት፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ከጎኗ እንዳስቀምጥ ነገረኝ። ምንም እንዳላጠጣት አስጠነቀቀኝ። «ደንግጣለች፣ ትታነቅብሻለች። እኔ ልምጣ።»

በሞተር መጣ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ። ቦት ጫማው ላይ እበት ነበረበት፤ በር ላይ አውልቆ በካልሲ ገባ። እጁን እስከ ክርኑ ታጠበ። ከዚያ ገብሴን ከካርቶኑ አነሳት። ሁለት እጁን ከስር አስገብቶ፣ ክንፎቿን ከጎኗ ጋር ይዞ፣ ደረቷን ግን ሳይጫን። ልጄን ጠራና አሳያት። «ዶሮ እንደኛ አይደለችም፤ የምትተነፍሰው ደረቷን እያንቀሳቀሰች ነው። አቅፈሽ ጥብቅ ካደረግሻት አየር ያጥራታል።» ልጄ ያን ቀን እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ቆመች። እስካሁንም ገብሴን የምትይዛት እንደ ትኩስ ሻይ ነው።

እናቴ «ትኩሳት አላት፣ እንደ እሳት ትፋጃለች» አለችው። የዶሮ ሙቀት 41 ዲግሪ አካባቢ እንደሆነ፣ ለሰው ትኩሳት የሆነው ለዶሮ ጤና እንደሆነ አስረዳት። ቀጥሎ ቡናው ላይ ደረሰ። እኔ ተሸማቀቅሁ። እሱ ግን ቀና ብሎ «ደሙን ለማቆም ብለው ነው እኮ እማማ፣ ደግ አስበዋል። አሁን ግን እናጥበዋለን» አላት። እናቴ የተቀየመችው ለአንድ ደቂቃ ብቻ ነው።

አፍልተን ያቀዘቀዝነው ውሃ ነበረ። በሊትሩ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው ጨመረበት። በመርፌ መግፊያ እየሳበ፣ ያለ መርፌው፣ ቁስሉ ላይ ቀስ እያለ ረጨ። ቡናው ፍሬ በፍሬ እየተለቀመ ወጣ። ሃያ ደቂቃ ሳይፈጅ አይቀርም። የእጅ ባትሪ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ክንዴ ዛለ፣ እሱ አልዛለም። ቁስሉ ዙሪያ ያለውን ላባ በመቀስ ቆረጠው እንጂ አልነጨም። የዶሮ ቆዳ እንደ ወረቀት ስስ ስለሆነ ላባው ሲነጭ ቆዳውም አብሮ ይቀደዳል አለን። የተቆረጠው እስከሚቀጥለው የላባ ቅያሪ አይበቅልም፣ ውሻው የነቀለው ግን በሳምንታት ይመለሳል። ይህንንም ቀድሞ ነግሮን ነበር፤ ባይነግረን ኖሮ ያልበቀለው ቦታ ያስጨንቀን ነበር።

ለእግሩ ሁለት የአይስክሬም እንጨት ጠየቀ። ልጄ ከደብተሯ ቦርሳ አወጣች፤ ለምን እንደምታጠራቅም ያኔ ነው የገባኝ። በመቀስ አሳጠራቸው፣ ጠርዛቸውን ሲሚንቶው ላይ ፈግፍጎ አለሰለሰ፣ በጥጥ ጠቀለለ። አጥንቱን በጣቱ እየዳሰሰ ሲያስተካክል ገብሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸች። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። በጣቱ እያየ ይመስል ነበር። በፋሻና በፕላስተር አሰረው። የእግሯ ጣቶች ከታች እንዲታዩ አደረገ፤ ካበጡ ወይም ከቀዘቀዙ ማሰሪያው ጠብቋልና ሌሊትም ቢሆን ደውዪ አለኝ። መርፌ ወጋት። ከመድኃኒቱ በኋላ እስከ ስንት ቀን እንቁላሏን መብላት እንደሌለብን ነገረኝና በወረቀት ላይ ጻፈልኝ። የካፕሱሉን ነገር ስነግረው ራሱን ነቀነቀ፣ ስለ ሰውየው ግን ክፉ አልተናገረም።

በር ላይ ቦቱን እያጠለቀ፣ ልጄ ሳትሰማ «ነገ ጠዋት በሕይወት ካገኘሻት ተስፋ አላት። ዛሬ ግን ለልጅሽ ትድናለች ብለሽ አትማይላት» አለኝ። ካመሰገንኩበት ነገር ሁሉ ይህቺን አልረሳትም።

ጠዋት ቆማ አገኘኋት። በአንድ እግሯ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ሳምንት የሳሎን ኑሮ ነው። ካርቶኑ ብፌው አጠገብ ተቀመጠ። የህዳርና የታኅሣሥ ሌሊት እዚህ ብርዱ ቀላል አይደለም። መብራት በጠፋበት ማታ ከሰል አቀጣጥዬ ላስገባ ስል ደግነቱ ቀድሜ ደወልኩለት። «ጭሱ ከአንቺ በፊት እሷን ይገድላታል» አለኝ። የወፍ ሳንባ ክፉ አየርን ቶሎ ይስባል። ጠርሙሱን እየቀየርን አሳደርናት። ቡና ሲቆላና እጣን ሲጨስም ገብሴ ወደ መኝታ ቤት ትሰደዳለች። እንግዳ ሁሉ «ይህ ምንድን ነው?» ሲል ባለቤቴ «ታማሚ አለችብን» ይላል፤ ሰዎቹም ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ውሃውን ምንቁሯ ጠርዝ ላይ ጠብ ማድረግ እንጂ አፏ ውስጥ ማፍሰስ ክልክል ነው። የመተንፈሻ ቀዳዳዋ ከምላሷ ኋላ ነው ያለው። ራሷ ቀና ብላ ስትውጥ ሌላ ጠብታ። ከሁሉ ያሳቀን ምግቡ ነበር። ጉልበት እንዲሆናት የተቀቀለ እንቁላል አድቅቄ እንድሰጣት አዘዘ። እናቴ «በጾም እንቁላል ቀቅለሽ፣ እሱንም ለዶሮ?» ብላ አማተበች። በማግስቱ ግን አስኳሉን በጣቷ እየፈረፈረች የምትመግባት ራሷ ነበረች።

አንድ ቀን ኩሷ አረንጓዴ ሆነ። ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። ብዙ ጊዜ የምግብ እጥረት ምልክት ነው፣ እህሉ እንዳለ ቁጭ ብሎ ከሆነ አልበላችም ማለት ነው አለኝ። አየሁት፤ እንዳለ ነበር። በቆሎ ነበር የሰጠኋት፤ በአንድ እግር ቆማ መልቀም አቅቷት ነው። ዕቃውን በምንቁሯ ልክ ከፍ ስናደርግላት በላች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ፎቶ ነው። ባለቤቴ ስልኬን ከፍቶ «የሰው ሚስት ስልክ ውስጥ የልጅ ፎቶ ይኖራል፣ ያንቺ ኩስ በኩስ» አለኝ።

በ 21ኛው ቀን እንጨቱን ፈታ። ጫጩት ከእንቁላል የሚወጣበት ቀን ነው ብላ ልጄ ኬክ ካላመጣችሁ አለች። እግሯ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው የቀረው፤ ታነክሳለች። እሱ በዚህ ቅር አለው። «ሰዓት ቀደም ብዬ ብደርስ ይሻል ነበር» አለ። እኔ ስትራመድ አይቼ እያለቀስኩ ነበር።

ከቄቦቹ ጋር ወዲያው አልቀላቀልናትም። ለቀናት በሽቦ ተለይታ እየተያዩ ቆዩ። ከዚያ ማታ፣ ቆጥ ላይ ሲወጡ፣ በጨለማ አጠገባቸው አስቀመጥናት። ጠዋት ትንሽ ተጠቃጠቁ፣ አለቀ። ስትጠና ደግሞ ለፈንግል ክትባት መጣ። የታመመች ዶሮ አትከተብም ብሎ ነበር ያቆየው። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚሆን፣ ከተከፈተ በኋላም ስለማይቀመጥ፣ ጎረቤት ጥሪ አለኝ። «እረዷት» ያለው ጎረቤቴ አራት ዶሮ ታቅፎ ቀድሞ ተሰለፈ። ለእያንዳንዳቸው አንድ ዓይናቸው ውስጥ አንድ ጠብታ አድርጎላቸው ሄደ።

ገንዘቡን ትጠይቁኛላችሁ። የመጀመሪያ ቀን መድኃኒቱን ጨምሮ 400 ብር ከፈልኩ። ከዚያ በኋላ ሁለቴ ሲመጣ የቤንዚን ብቻ ተቀበለኝ። ለስልክና ለፎቶ ምክሩ ሳንቲም አልጠየቀም። አጣጥቤ ለማቅረብ አልፈልግምና ጉድለቱንም ልንገራችሁ፦ ሰዓት አያከብርም። «መጣሁ» ካለ አንድ ሰዓት ጨምሩበት። ንግግሩም ቀጥ ያለ ነው፤ የማይድነውን እንስሳ አይድንም ይላችኋል። «ዶክተር» ስትሉትም ያርማችኋል። «የእንስሳት ጤና ረዳት ነኝ፣ ቀዶ ጥገና ካስፈለገ ወደ ዶክተሮቹ እልካችኋለሁ» ይላል። የወተቷ ሴት እንደነገረችኝ እንዲህ ብሎ የላካት ላም ድናለች።

ወንድሜ፣ ይህን እንደምታነብ አውቃለሁ። እጅህ ይባረክ። እናቴ በየቀኑ ትመርቅሃለች፤ ቡና ግን ዛሬም ጓዳ ደብቃ ታስቀምጣለች፣ እንዳልዋሽህ።

የምትደውሉለት ሰዎች ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት አትሞክሩ፤ ላም ስር ነው፣ አያነሳም። ካነሳ ደግሞ «ከገብሴ ሰፈር ነው» በሉት።