አንድ ጥሩ ዳይኖሰር ወይስ አንድ ከረጢት ሙሉ? ለዳዮራማና ለፎቶግራፍ የሚገዙ ዕቃዎች ንጽጽር

በደብረ ብርሃን ሱቆች የዳይኖሰር መጫወቻ ሲጠየቅ ባለሱቁ ብዙውን ጊዜ ከመደርደሪያው የሚያወርደው ደርዘን የሚሆኑ ትንንሽ እንስሳት የታጨቁበትን የላስቲክ ከረጢት ነው። ለልጅ መጫወቻ ከተፈለገ ይህ ይበቃል። ዓላማው ግን ዳዮራማ መሥራት፣ ማለትም እንስሳውን አፈር፣ ድንጋይና ዛፍ ባለው ትንሽ መልክዓ ምድር ላይ አቁሞ ሕያው መስሎ እንዲታይ ፎቶ ማንሳት ከሆነ፣ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሌሎቹን ምርጫዎች ከከረጢቱ ጎን አስቀምጦ ማየት ያስፈልጋል። እኔ ይህን ሥራ የጀመርኩት በከረጢቱ ነበር። ዛሬ ለሚያማክረኝ ሰው ግን ገንዘቡን አጠራቅሞ አንድ ብቻ፣ ነገር ግን በደንብ የተሠራ እንስሳ እንዲገዛ፣ ቀሪውን ሁሉ ከአካባቢው መሬት እንዲሠራ እመክረዋለሁ።

ምክንያቱ እንስሳውን ቀርቦ በማየት ይገባል። ከከረጢቱ የወጣው ዳይኖሰር ውስጡ ባዶ ነው፤ ሁለት ግማሽ አካል የተጋጠመበት መስመር ከአገጩ ተነሥቶ በሆዱ በኩል እስከ ጅራቱ ጫፍ ይሄዳል። ዓይኑ በቀለም የተነጠበ ነጥብ ሲሆን፣ ነጥቡም አብዛኛውን ጊዜ ከጎድጓዳው ስቶ ጉንጩ ላይ ያርፋል። በእጅ ሲያዝ ይህ ሁሉ አያስጨንቅም፤ ሌንሱ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ሲጠጋ ግን ያ የመገጣጠሚያ መስመር ገመድ ያህል ወፍሮ ይታያል፣ የላስቲኩ አብረቅራቂ ገጽም በጀርባው ላይ ነጭ የብርሃን ምልክት ያትማል። በደንብ የተሠራው እንስሳ ግን ገጹ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ቅርፊቱና የአንገቱ እጥፋት በቀለም የተሣለ ሳይሆን የተቀረጸ ስለሆነ የጎን ብርሃን ሲያገኝ ጥላ ይጥላል። ፎቶ ላይ ሕይወት የሚሰጠው ይህ ጥቃቅን ጥላ ነው፤ በከረጢቱ እንስሳ ላይ በምንም ዓይነት ብርሃን ሊገኝ አይችልም።

ርካሹን ማሻሻል እንደሚቻል አልክድም። መገጣጠሚያውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ፣ ክፍተቱን በስቱኮ ሞልቶ፣ በአክሪሊክ ቀለም ደግሞ ከቀቡት በኋላ በውኃ የቀጠነ ቡናማ ቀለም አፍስሶ ወዲያው በጨርቅ ቢጠርጉት፣ ቀለሙ በስንጥቁ ውስጥ ቀርቶ የቆዳ መልክ ይሰጠዋል፤ በመጨረሻም የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ይደረብበታል። ነገር ግን ይህ ለአንዱ እንስሳ ብቻ ሙሉ ምሽት ይወስዳል፣ የቀለሙና የቫርኒሹ ዋጋ ሲደመርም ርካሽነቱ ይጠፋል። ከረጢቱ በእርግጥ የሚጠቅመው ለአንድ ነገር ነው፤ ትንንሾቹን ከትልቁ እንስሳ ኋላ አርቆ ማቆም። ትኩረቱ በፊተኛው ላይ ስለሚሆን ጉድለታቸው ይደበዝዛል፤ ትንሽነታቸውም ርቀት መስሎ ይታያል። ስለዚህ ከረጢት የሚገዛ ሰው ዓይነቱ የበዛውን ትቶ አንድ ዓይነት እንስሳ የተደጋገመበትን ቢመርጥ ቢያንስ መንጋ ያገኛል።

በዓለም ገበያ ስማቸው የሚጠራው አምራቾች የሚለያዩት በጥራት ብቻ ሳይሆን በጠባይም ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 የተመሠረተው የጀርመኑ ሽላይክ ምርቱን ለልጅ እጅ አስቦ ስለሚያዘጋጅ ጠንካራ ነው፤ በሁለት እግር የሚቆሙት እንስሶቹ ግን እንዳይወድቁ ሲባል መዳፋቸው ከተፈጥሮው ይልቃል፣ ይህም መላ አካልን በሚያሳይ ፎቶ ላይ ያስታውቃል። የፈረንሳዩ ፓፖ በቆዳ ቅርጽ የተዋጣለት ነው፤ የእንስሶቹ መልክ ከሳይንሱ ይልቅ በፊልም ለለመድነው ዳይኖሰር ይቀርባል። ኮሌክታና የአሜሪካው ሳፋሪ ሊሚትድ ግን የተመራማሪዎችን ግኝት ለመከተል ይጥራሉ፤ ላባ ሊኖረው የሚገባውን እንስሳ በላባ ይሠሩታል፣ የቀለም አቀባባቸው ግን ቀለል ያለ ነው። የቻይናው ፒኤንኤስኦ በዝርዝር አሠራሩ ይደነቃል፤ በሁለት እግር ከሚቆሙት አንዳንዶቹ ከግልጽ ፕላስቲክ በተሠራ ድጋፍ ስለሚመጡ የእግራቸው ልክ ሳይዛባ ይቆማሉ፣ ድጋፉን ግን ከቅጠል ኋላ መደበቅ የፎቶ አንሺው ሥራ ይሆናል። የማቴል ዳይኖሰሮች እግርና አንገታቸው ይንቀሳቀሳል፤ ለጨዋታ ይህ መልካም ቢሆንም መገጣጠሚያዎቹ በቅርብ ፎቶ ላይ ስለሚታዩ ለዳዮራማ አልመርጣቸውም።

እኔ ፊትን ብቻ በቅርብ ለማንሳት ፓፖን፣ ሙሉ ትዕይንት ለመሥራት ሳፋሪን ወይም ኮሌክታን አስቀድማለሁ። እነዚህ ዕቃዎች ወደኛ ዘንድ የሚደርሱት በአብዛኛው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው፤ በመንገድ እግራቸው ወይም ጅራታቸው ቢጣመም መጨነቅ አያስፈልግም። የተጣመመውን ክፍል በጣም ሞቃት ውኃ ውስጥ ጥቂት አቆይቶ፣ በእጅ አቃንቶ፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መንከር ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ከሰው ላይ ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ደግሞ የሆዱን ፎቶ ይጠይቅ፤ የታወቁት አምራቾች ስማቸውን አብዛኛውን ጊዜ በሆድ ወይም በውስጥ እግር ላይ ያትማሉ።

ገዢዎች በብዛት የሚሳሳቱት በመጠን ላይ ነው። ሁለት እንስሳት እያንዳንዳቸው ያማሩ ሆነው አንድ ላይ ሲቆሙ ትዕይንቱን የሚያፈርሱት ልካቸው ስለማይገጥም ነው። በሰብሳቢዎች ዘንድ የተለመደው 1 ለ 40 የሚባለው ልክ ነው፤ 12 ሜትር የሚደርሰው ታይራኖሰረስ ሬክስ 30 ሳንቲ ሜትር፣ 8 ሜትር የሚሆነው ትራይሴራቶፕስ 20 ሳንቲ ሜትር፣ 22 ሜትር የሚገመተው ብራኪዮሰረስ 55 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። 2 ሜትር የማይበልጠው ቬሎሲራፕተር ግን በዚሁ ልክ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ መሆን ሲገባው፣ በገበያ ላይ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከዚያ ሦስት እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ሁለተኛ እንስሳ ከመግዛት በፊት ከአፍንጫ እስከ ጅራት ጫፍ ያለውን ርዝመት መጠየቅና በ40 አባዝቶ ከእውነተኛው እንስሳ ርዝመት ጋር ማስተያየት ይገባል። ሒሳቡ ለመሬቱም ይሠራል፤ አንድ ሚሊ ሜትር የሆነች የአሸዋ ቅንጣት በዚህ ልክ የ4 ሳንቲ ሜትር ጠጠር ትሆናለች፣ ስለዚህ አፈሩ ሳይነፋ ከተበተነ እንስሳው ኮረት ላይ የቆመ ይመስላል። በቤት ውስጥ ያለ የዱቄት ወንፊት ለዚህ ከማንኛውም የተገዛ የዳዮራማ አሸዋ ይሻላል።

ዘመንም እንደ መጠኑ መጠበቅ አለበት። ስቴጎሰረስ የኖረው ከዛሬ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን ታይራኖሰረስ ከ68 እስከ 66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነበር፤ ሁለቱን የሚለያያቸው ጊዜ ታይራኖሰረስን ከእኛ ከሚለየው ይረዝማል። ከረጢቱ ግን ሁለቱን አንድ ላይ ይሸጣል። የስቴጎሰረስ ዳዮራማ የሚሠራ ሰው ሣርም አበባም ሊያኖርበት አይገባም፤ በዚያ ዘመን የነበረው ፈርን (አበባ የማያወጣ፣ ቅጠሉ እንደ ላባ የተከፋፈለ ተክል)፣ የድንጋይ ሽበትና እንደ ጽድ ያለ መርፌ ቅጠል ዛፍ ነው። ከመንዝ የሚመጣው የጓሳ ሣር ለዓይን እጅግ የሚያምር ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይፈትነኛል፤ ሆኖም ሣር ስለሆነ ስቴጎሰረስ ለኖረበት ለጁራሲክ ዘመን ትዕይንት አልጠቀምበትም። በምትኩ የሐበሻ ጽድ ቅርንጫፍ ጫፍ 15 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ ሲተከል በ1 ለ 40 ልክ የ6 ሜትር ዛፍ ይወጣዋል፤ ቅጠሉ ደቃቅ ቅርፊት ስለሆነ በቅርብም ቢታይ አያጋልጥም። በፋብሪካ የተሠሩ የፕላስቲክ ዛፎች ከዚህ ጎን ሲቆሙ ቀለማቸው አንድ ወጥ፣ ግንዳቸው ለስላሳ ስለሆነ ገንዘብ ሊወጣባቸው አይገባም። ሽበቱን በክረምት ከድንጋይ ካብ ላይ በጥቂቱ ማንሳትና ጥላ ውስጥ ማድረቅ ይቻላል፤ ከወፍ ዋሻ ደን ግን ምንም መቁረጥ አይገባም።

ድንጋዩን በተመለከተ ሰሜን ሸዋ የተለየ ነገር ይሰጠናል። ደብረ ብርሃን የቆመችበት ጥቁር ባዛልት ዳይኖሰሮች ከጠፉ ብዙ ሚሊዮን ዓመታት በኋላ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ አለት ነው። ወደ ጀማ ሸለቆ ሲወረድ ግን ከባዛልቱ ሥር የአሸዋና የኖራ ድንጋይ ንብርብር ይገለጣል፤ ያ በእርግጥ የዳይኖሰር ዘመን መሬት ነው። በሰሜን ምዕራቡ የአገራችን አምባ፣ የሙገር ጭቃ ድንጋይ በሚባለው የጁራሲክ ንብርብር ውስጥ የዳይኖሰር ጥርሶች መገኘታቸውም እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጥናት ተገልጿል። ከጀማ ያመጣኋትን ቀላ ያለች የአሸዋ ድንጋይ በእያንዳንዱ ትዕይንት ውስጥ አኖራታለሁ። ማንም ተመልካች ባያውቃትም፣ እንስሳው ከዘመኑ ድንጋይ አጠገብ መቆሙ ደስ ይለኛል።

መሠረቱን ለመሥራት ሦስት ነገሮች ይወዳደራሉ። ከቴሌቪዥንና ከማቀዝቀዣ ካርቶን የሚወጣው ነጭ ፎም በነፃ ይገኛል፣ በቢላዋ ይቀረጻል፣ ለመሸከምም ቀላል ነው፤ በስፕሬይ ቀለም በቀጥታ ከተቀባ ግን ይቀልጣል። በዱቄት ሙጫ የተደራረበ አሮጌ ጋዜጣ ርካሽ ቢሆንም በደጋው ብርድ ለመድረቅ ቀናት ይፈጅበታል፣ በክረምትም ይሻግታል። ጀሶ በደቂቃዎች ውስጥ ጠጥሮ እውነተኛ የአለት ገጽ ይሰጣል፣ ግን ከባድ ነው፣ ስሱው ክፍል ይሰነጠቃል። እኔ ቀላልነትን አስቀድሜ በፎም ብቻ የሠራሁትን መሠረት ጣርማ በር ገደል አፋፍ ላይ አስቀምጬ ሳለሁ አንድ የነፋስ ሽውታ አንሥቶ ወሰደው፤ እንስሳው በእጄ ስለነበር ተረፈ እንጂ የሁለት ሳምንት ሥራዬ ወደ ቆላው ወረደ። ከዚያ ወዲህ የምሠራው ሁለቱን በማዳቀል ነው፤ 40 በ60 ሳንቲ ሜትር በሆነ ኮምፔንሳቶ ላይ ፎሙን በኮላ አጣብቄ፣ በጀሶ የተነከረ ፋሻ አለብሰዋለሁ፣ ከዚያም በውኃ በቀጠነ ኮላ ላይ የተነፋ አፈር እበትናለሁ። ነፋስ አይወስደውም፣ አንድ ሰውም ይሸከመዋል። ከቤት ለማይወጣ ሰው ግን ፎሙ ብቻውን ይበቃል።

መሠረቱን ወደ ውጭ የማውጣት ጥቅሙ እውነተኛውን ሰማይና ተራራ እንደ ዳራ መጠቀም መቻል ነው፤ የታተመ የዳራ ሥዕል መግዛት አያስፈልግም። ሌንሱ በእንስሳው ዓይን ከፍታ ሆኖ የመሠረቱ ጠርዝ በጠጠር ከተሸፈነ፣ ከጣርማ በር ወዲያ የሚታየው ቆላ የዳዮራማው ቀጣይ ይሆናል። ጥሩው ብርሃን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት፣ እንደገናም ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። በቀትር መሥራት ግድ ከሆነ በፀሐይና በእንስሳው መካከል የተወጠረ ነጠላ፣ ለመብራት ማለስለሻ ተብሎ ከሚሸጠው ጨርቅ የማይተናነስ ለስላሳ ብርሃን ይሰጣል። ለጠዋት ጉም ደግሞ ከመሠረቱ ኋላ የሚጨስ ጥቂት ዕጣን ይበቃል፤ ጢሱ የሚታየው ብርሃኑ ከኋላ ሲመጣ ነው። እሳቱ ከደረቀው ሽበት እንዲርቅ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ስልክ ወይስ ካሜራ ለሚለው ጥያቄ ብዙ ሰው የሚጠብቀው መልስ ካሜራ ነው፤ በዚህ ሥራ ግን ስልኩ ያለው ብልጫ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ትንሽ ነገርን በቅርብ ስናነሳ ጥርት ብሎ የሚታየው ስፋት ይጠባል፤ ዓይናችንም ያንን መደብዘዝ ሲያይ ነገሩ ትንሽ መሆኑን ወዲያው ያውቃል። የስልክ ሴንሰር፣ ማለትም ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል፣ ትንሽ በመሆኑ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጥርት አድርጎ ለማሳየት ይቀለዋል፣ ስለዚህ እንስሳው ትልቅ ይመስላል። በዚያ ላይ ስልኩ ሲገለበጥ ሌንሱ መሬት ነክቶ ከታች ወደ ላይ ስለሚያይ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነው እንስሳ ሰማይ ይነካል፤ ትልቁን ካሜራ እዚያ ድረስ ዝቅ ማድረግ አይቻልም። በካሜራ ተመሳሳይ ጥራት ለማግኘት ብርሃን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ ወደ ኤፍ 11 ወይም 16 ማጥበብ (የኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል)፣ ብርሃኑ ስለሚቀንስም በትራይፖድ ላይ ማቆም ግድ ነው። የካሜራው ብልጫ በዝቅተኛ ብርሃንና በትልቅ ኅትመት ላይ ይታያል። በስልክ ላይ የሚቆነጠጡት ርካሽ የማክሮ (በጣም በቅርብ ማንሻ) ሌንሶች ጠርዛቸው ስለሚደበዝዝ የእንስሳውን ዓይን ብቻ ለማንሳት ካልሆነ አይጠቅሙም።

ያገለገለ ካሜራ ለመግዛት የወሰነ ሰው ግን እንስሳውን በቦርሳው ይዞ ወደ ሱቅ ይሂድ። ባንኮኒው ላይ አቁሞት ሌንሱን ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ያስጠጋና ትኩረቱ ዓይኑ ላይ ይያዝ እንደሆነ ይመልከት፤ ካልያዘ፣ ሻጩ ስለ ሜጋፒክሰሉ ብዛት የቱንም ያህል ቢናገር፣ ያ ሌንስ ለዚህ ሥራ አይሆንም።