«ለሁሉም ሞተር ይሆናል» ከሚሉት የባትሪ መሙያ መለዋወጫ ተጠንቀቁ

ለሣር ማጨጃ ሞተር የባትሪ መሙያ መለዋወጫ የምትፈልጉ ሁሉ፣ «ለማንኛውም ሞተር የሚሆን፣ እስከ 16 አምፔር የሚያመነጭ ሙሉ ጥቅል» የሚል የኢንተርኔት ማስታወቂያ ካያችሁ ገንዘባችሁን ያዙ። በጥቅሉ ውስጥ ያለው አንድ ስታተር፣ ማለትም ከቮላኖው (ከሞተሩ ዘንግ ጋር ከሚሽከረከረው ከባድ ክብ ብረት) ሥር የሚቀመጠው ባለ ጥቅል ሽቦ ዕቃ፣ አንድ ሬጉሌተር፣ ማለትም ወደ ባትሪው የሚሄደውን ቮልት የሚቆጣጠር ዕቃ፣ አንድ ፊውዝና ጥቂት ሽቦ ነው። ፎቶው ያምራል። ከሥሩ የተደረደረው የሞተር ዝርዝር ደግሞ ማለቂያ የለውም፤ ባለ አንድ ሲሊንደሩም ባለ ሁለቱም፣ ዘንጉ የቆመውም የተኛውም አንድ ላይ ተዘርዝሯል። ይህ ዝርዝር ራሱ ሊያስጠረጥር ይገባል።

ሻጩን ከመግዛቴ በፊት ጠይቄዋለሁ። በሞተሩ ሽፋን ላይ የተመታውን ቁጥር አንድም ሳላስቀር ጽፌ ላክሁለት፤ «አዎ፣ ይስማማል» የሚል መልስ ወዲያው መጣ። ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ግን ጥርጣሬ ገባኝና ከራሴ የፈጠርሁትን፣ በዓለም ላይ የሌለ የሞተር ቁጥር እንደ አዲስ ገዥ ሆኜ ላክሁለት። «አዎ፣ ይስማማል» አለ፤ ቅናሽም ጨመረበት። ቁጥሩን ያነበበው ሰው የለም ማለት ነው።

ዕቃው ምን ነበር? የስታተሩ የብሎን ቀዳዳዎች ልክ ገጥመዋል፤ ገዥን የሚያታልለውም ይህ ነው። የሽቦውን ጫፍ በምላጭ ስፍቀው ግን ከመዳቡ ቀለም ሥር ነጭ አሉሚኒየም ወጣ። አሉሚኒየም በእኩል ውፍረት ከመዳብ ያነሰ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና ይበልጥ ይግላል፤ ስታተር ደግሞ ከሞተሩ ሙቀት አጠገብ የሚሠራ ዕቃ ስለሆነ ተጨማሪ ግለት አይሻም። ሬጉሌተሩ የባሰ ሆኖ ተገኘ። ሞተሩ በሙሉ ፍጥነት ሲሠራ በባትሪው ጫፎች ላይ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ሳስቀምጥ ከ16 ቮልት በላይ አነበበ። ለ12 ቮልት የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ጤናማው የመሙያ መጠን ከ13.5 እስከ 14.7 ቮልት ገደማ ነው። ከ15 ሲያልፍ ባትሪው ይፈላል፣ ሃይድሮጅን ያወጣል፣ ውኃው ያልቃል። በአሲዱ ሽታ ነቅቼ ሞተሩን አጠፋሁት፤ የባትሪው ጎን ግን አስቀድሞ አብጦ ነበር።

ትልቁ ውሸት ግን አምፔሩ ላይ ነው፤ ስለ እርሱ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልናገር። ኃይሉን የሚያመነጩት ከቮላኖው ውስጠኛ ዙሪያ የተለጠፉት ማግኔቶች በስታተሩ ሽቦ ዙሪያ ሲሽከረከሩ ነው። የሚወጣው ተለዋዋጭ ጅረት ነው፤ ሬጉሌተሩ ወደ ቀጥተኛ ይለውጠዋል፣ ትርፉንም ይገታል። ሬጉሌተር ምንም ነገር አያመነጭም። ስለዚህ ባለ 3 አምፔር ሞተር ላይ «የ16 አምፔር» ሬጉሌተር መግጠም በትንሽ ምንጭ ላይ ሰፊ ቧንቧ እንደ መቀጠል ነው። ብሪግስ ኤንድ ስትራተን በሚባለው አምራች ሞተሮች ላይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው፦ የ10 እና የ16 አምፔሩ ሥርዓት በአንድ ዓይነት ስታተር ይሠራል፤ ልዩነቱ ያለው በማግኔቶቹ መጠን ነው። ትንንሽ ማግኔት ያለው ቮላኖ ላይ የፈለጋችሁትን ስታተር ብታስሩ 16 አይሰጣችሁም። ይህን የማያውቅ ሻጭ መለዋወጫ መሸጥ የለበትም፤ እያወቀ የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ስሙ ሌላ ነው።

ሌላም አለ። ብዙ አነስተኛ ሞተሮች ጭራሹኑ ሬጉሌተር የላቸውም። አንዳንዶቹ ከስታተሩ በምትወጣው ሽቦ ላይ፣ በሽፋን ውስጥ የተደበቀች አንዲት ዳዮድ (ጅረትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፍ ትንሽ ዕቃ) ብቻ አለቻቸው። ሁለት ሽቦ በሚያወጣው ዓይነት ላይ ደግሞ ቀዩ በዳዮድ አልፎ ባትሪውን ይሞላል፣ ጥቁሩ በቀጥታ ወደ መብራቱ ይሄዳል። መብራቱ ደህና እየበራ ባትሪው ካልሞላ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዳዮዷ ናት፤ ስታተሩ ቢያንስ በከፊል እየሠራ ለመሆኑ መብራቱ ራሱ ምስክር ነው። እንዲህ ላለው ሰው ሙሉ ጥቅል መሸጥ ጥርሱን ለታመመ ሰው መነጽር እንደ መሸጥ ስለሚሆን፣ ሐቀኛ ሻጭ ከመሸጡ በፊት «መብራትህ ይበራል?» ብሎ ይጠይቃል።

ከመግዛታችሁ በፊት ቴስተር ያዙ። ሞተሩ ጠፍቶ ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያነባል። ሞተሩ በሙሉ ፍጥነት ሲሠራ ያው 12.6 ከቀረ ወይም ከዚያ ከወረደ በእርግጥ አይሞላም። ያኔ ወደ መለዋወጫ ከመሮጥ በፊት ፊውዙን እዩ፤ ቀጥሎ ማሳውን፣ ማለትም ከሞተሩ ብረት ጋር ያለውን የኔጌቲቭ ግንኙነት። ብዙ ሬጉሌተሮች ማሳ የሚያገኙት በራሳቸው አካል፣ በታሰሩበት ብሎን በኩል ነው። ከሥሩ ቀለም ወይም ዝገት ካለ ጤነኛው ሬጉሌተር ሞቶ ይታያል። በብረት ብሩሽ አጽድቶ መልሶ ማሰር ብቻውን የፈታው ችግር ብዙ ነው፤ ሻጮች ይህን አይነግሯችሁም።

እርሱ ካልሆነ የስታተሩን ሽቦ ከሬጉሌተሩ ነቅላችሁ፣ ቴስተሩን በተለዋዋጭ ጅረት ቮልት (AC) መለኪያ ላይ አድርጋችሁ፣ ሞተሩን በሙሉ ፍጥነት አስነሡ። ምን ያህል መነበብ እንዳለበት የሞተሩ የጥገና መመሪያ ይናገራል፤ ለብሪግስ ኤንድ ስትራተን የ10 አምፔር ሥርዓት ቢያንስ 20 ቮልት፣ ለ16 አምፔሩ ቢያንስ 30 ቮልት ነው። ይህ ከተገኘ ስታተሩ ጤነኛ ነው፤ ቮላኖ ለመንቀል አትድከሙ። ካልተገኘ ደግሞ ከስታተሩ በፊት ማግኔቶቹን ተመልከቱ። ቮላኖን በመዶሻ ደብድቦ የሚፈታ ሰው ማግኔት ይሰነጥቃል፤ የላላ ማግኔት ደግሞ አዲሱንም ስታተር ይፈጨዋል። በመንቀያ መሣሪያ ብቻ ይፈታ።

መለዋወጫ ስታዙ የሚያገለግለው የማሽኑ ቁጥር ሳይሆን የሞተሩ ቁጥር ነው። የማጨጃው አምራችና የሞተሩ አምራች ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው፤ አንድ ዓይነት ማጨጃ በተለያየ ጊዜ የተለያየ የመሙያ ሥርዓት ያለው ሞተር ሊገጠምለት ይችላል። በብሪግስ ኤንድ ስትራተን ሞተር ላይ ሞዴል፣ ዓይነትና ኮድ የሚባሉ ሦስት ቁጥሮች ተመትተው ታገኛላችሁ። ኮዱ የተመረተበትን ቀን ሲናገር፣ የኤሌክትሪኩን ዕቃ ለመለየት ደግሞ ሁለተኛው፣ የዓይነቱ ቁጥር፣ ወሳኝ ነው። ይህን ቁጥር ሳይጠይቅ «ይስማማል» የሚል ሻጭ እየገመተ ነው፤ ግምቱ ሲስት የሚከፍለው ገዥው ነው።

ግምቱ በገዥው ላይ እንዲወድቅ የተደረገበት መንገድም አለ። ከገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል «የተገጠመ የኤሌክትሪክ ዕቃ አይመለስም» ይላል። ይህ ደንብ በራሱ ነውር አይደለም፤ አብዛኛው መለዋወጫ ሻጭ አለው፣ ምክንያቱም በሌላ ብልሽት የተቃጠለ ዕቃ ተመልሶ ይመጣበታል። ነገር ግን ለማንኛውም ሞተር ይሆናል ብሎ ከሚሸጥ ሰው ጋር ሲሆን ወጥመድ ነው፦ ካልገጠማችሁት አለመስማማቱን አታውቁም፣ ከገጠማችሁት አይመለስም።

ጥቅሉ እጃችሁ ከገባና ገና ካልተገጠመ፣ አትግጠሙት፤ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ ፎቶ አንሡ፣ የሽቦውን ብዛትና ቀለም፣ የሶኬቱንም ቅርጽ አወዳድሩ። ከገጠማችሁት ደግሞ ዛሬውኑ ቮልቱን ለኩ። ከ15 በላይ ካነበበ ሞተሩን አጥፉና የሬጉሌተሩን ሶኬት ንቀሉ፤ ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ አትንቀሉ፣ እርሱ ራሱ ሬጉሌተር ያቃጥላል። ለከፈላችሁበት ባንክ ወይም የክፍያ ድርጅት አቤት ስትሉም «ተበላሸ» አትበሉ፤ «በማስታወቂያው የተጻፈው አምፔርና የሞተር ዝርዝር ከዕቃው ጋር አይገናኝም» በሉ፤ የማስታወቂያውን ገጽ ምስል፣ የሻጩን «ይስማማል» የሚል መልስና የቴስተሩን ንባብ አያይዙ። የማስታወቂያውን ምስል ቀድማችሁ አስቀሩ፤ የእኔ ሻጭ ቅሬታዬ በደረሰው ማግስት ዝርዝሩን ለውጦታል።