ዴድሊፍትን በመጥረጊያ እንጨት የጀመርኩበት የጅማ ጂም

ባለፈው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ ያለ አስተማሪ ዴድሊፍት፣ ማለትም ክብደት የተጫነበትን ብረት ከመሬት አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆም፣ በ90 ኪሎ ስታገል ወገቤ ቋ ብሎ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል የጫማዬን ክር የምታስርልኝ ባለቤቴ ነበረች። ሐኪሙ የተጎዳው ጡንቻ እንጂ ዲስክ አለመሆኑን ነግሮኝ ሕመሙም ሲለቀኝ፣ ብረቱን እርግፍ አድርጌ ከመተው ይልቅ በወጉ መማርን መረጥኩ። ከዚያ ወዲህ ለአራት ወራት በሳምንት ሁለት ቀን የሠራሁበት ጂም እዚሁ ጅማ፣ ከአዌቱ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል፤ የማመሰግንበትን ያህል የምወቅስበትም ነገር ስላለ ስሙን ሳልጠቅስ ያየሁትን እጽፋለሁ።

የተመዘገብኩ ዕለት አሰልጣኙ የሰጠኝ ባር፣ ማለትም ክብደት የሚሰካበት ረጅም ብረት፣ ሳይሆን የመጥረጊያ እንጨት ነበር። እንጨቱን በጀርባዬ ላይ በቁመቱ አስደግፎ ከማጅራቴ በላይ ያለውን የራሴን ክፍል፣ የትከሻዬን መሐልና ከወገቤ በታች ያለውን አጥንት እንዲነካ ካደረገ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ከሦስቱ አንዱን እንኳ ሳያስለቅቁ ዳሌዎን ወደ ኋላ ይግፉት፤ ሁለት እጅዎ ዕቃ ይዞ በሩን በመቀመጫዎ እንደሚዘጉት» አለኝ። በመጀመሪያው ሙከራ እንጨቱ ወዲያውኑ ከወገቤ በታች ካለው አጥንት ራቀ። በአማርኛችን ወገብን ቆልምሞ መታጠፍንም፣ ጀርባን ቀጥ አድርጎ ከዳሌ ላይ መታጠፍንም በአንድነት «ማጎንበስ» ስለምንላቸው፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በአርባ ሦስት ዓመቴ ያወቅሁት በዚያ እንጨት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከዚህ ሌላ ነገር ስላላሠራኝ በልቤ ገንዘቤን እየበላ ነው ብዬ አምቼው ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ባር ያዝኩ። እግርን በዳሌ ስፋት ከፍቶ መቆም፣ ባሩ ከቅልጥም ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ርቆ ከእግር መሐል በላይ እንዲያርፍ ማድረግ፣ ባሩን ሳያንቀሳቅሱ መያዝ፣ ቅልጥም ባሩን እስኪነካ ጉልበትን ማጠፍ፣ ከዚያም ደረትን ቀና ማድረግ ነው ቅደም ተከተሉ። ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ግን ከዚህ በኋላ የሚመጣው፣ ከሩቅ ለሚያይ ሰው ምንም የማይሠራበት የሚመስለው ቅጽበት ነው። ትንፋሽ ወደ ሆድ ይሳባል፤ ሆድ ቡጢ እንደሚጠብቅ ሰው ሆድ ዙሪያውን ይጠነክራል፤ ብብት ይጨመቃል፤ ክብደቱ ገና ከመሬት ሳይነሳ ባሩ በቀስታ ይወጠራል። በባሩና በክብደቱ ቀዳዳ መካከል ያለው ክፍተት ሲዘጋ ቀጭ የሚል ትንሽ ድምፅ ይሰማል፤ አሰልጣኙ ያን ድምፅ ሳይሰማ እንድነሳ ፈቅዶልኝ አያውቅም። በፊት አደርገው እንደነበረው ባሩን በድንገት መንጠቅ ዳሌን ቀድሞ አስነስቶ ሸክሙን ሁሉ ወገብ ላይ እንደሚጥል የገባኝ ያኔ ነው። ከተነሱ በኋላም ወደ ኋላ መለጠጥ አያስፈልግም፤ ቀጥ ብሎ መቆም ይበቃል። ሲመለሱም መጀመሪያ ዳሌ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ጉልበት የሚታጠፈው ባሩ ጉልበትን ካለፈ በኋላ ነው።

ባሩ እግርን እየታከከ መውጣት ያለበት ለምን እንደሆነ ውኃ የቀዳ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፦ 20 ሊትር ጀሪካን ከጭን ጋር አስጠግቶ መያዝና ክንድን ወደ ፊት ዘርግቶ መያዝ አንድ አይደለም። ክብደቱ ያው ሆኖ ሳለ ከወገብ በራቀ ቁጥር የወገብ ድካም ይጨምራል። የምሠራው በአንድ የቡና መጋዘን የሂሳብ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ጫኝና አውራጆቹ 60 ኪሎ ኬሻ ሲያነሱ በየቀኑ አያለሁ። ከእነሱ መካከል በዕድሜ ለገፉት ስለ ትምህርቴ ባወራላቸው፣ «ልጄ፣ ኬሻ ታቅፎ እንጂ በጣት አይነሳም፤ ለዚህ ነው ገንዘብ የምትከፍለው?» ብለው ስቀውብኛል።

የጂሙ ዕቃ ግን የአሰልጣኙን ያህል አይደለም። ለውድድር የሚያገለግለው ትልቁ ክብ ክብደት ዲያሜትሩ 45 ሴንቲሜትር በመሆኑ ባሩ ከመሬት 22.5 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ እዚህ ያሉት ብረቶች ከዚያ በጣም ስለሚያንሱ ባሩ ወደ ቁርጭምጭሚት ተጠግቶ ጀርባ ሳይጎብጥ እጅ አይደርስበትም። አሰልጣኙ በሁለቱም በኩል ጣውላ ደራርቦ ባሩን ወደ ትክክለኛው ከፍታ ያመጣዋል። ሌላ ጂም ስትሄዱ ይህን ማንም እንደማያደርግላችሁ ስለምገምት ከፍታውን በሜትር መለካት ይጠቅማል። የጅማ እርጥበት ባሩን ስላዛገው እጅ ይቆረቁራል፤ እጅ እንዳያንሸራትት የሚቀባውን የማግኒዥየም ዱቄት ደግሞ ስለማያቀርቡ ይዞ መሄድ የግድ ነው።

ክብደት ሲነሳ ወገብ ላይ የሚታሰረውን ቀበቶ እንድገዛ አሰልጣኙ ገፋፍቶኝ አያውቅም፤ ቀበቶ ወገብን የሚሸከም ሳይሆን የተወጠረ ሆድ የሚገፋው ነገር እንዲያገኝ የሚያደርግ ነው፤ ሆዱን መወጠር የማያውቅ ሰው ቢያስረው አይጠቅመውም ይላል። ከ80 ኪሎ በላይ ጣቶቼ መላቀቅ ሲጀምሩ አንዱን መዳፍ ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ አድርጎ መያዝን አሳየኝ፤ ወደ ፊት የዞረው ክንድ በክርኑ ከታጠፈ የክንድ ጡንቻ ጅማት ሊበጠስ ስለሚችል ክንዴ እንደ ገመድ እንዲንጠለጠል ደጋግሞ አስጠንቅቆኛል። ሕመም ወይም መደንዘዝ ወደ እግር ከወረደም ስፖርቱን አቁሞ ሐኪም ጋር መሄድ እንደሚገባ የነገረኝ ገና በመጀመሪያው ቀን ነው።

ክፍያው በወር 1,500 ብር ሲሆን ለአሰልጣኙ ክትትል 700 ብር ይጨመራል። ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ወጣቶች ስለሚሞሉት ያን 700 ብር ከፍሎ ማምሻውን መሄድ ገንዘብ መጣል ነው፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ግን ከሦስት ሰው በላይ አይኖርም።

ዋናው ቅሬታዬ የባሩ ክብደት ነው። ግድግዳው ላይ በትልቁ «ባር 20 ኪሎ» ተብሎ ተጽፏል። በአራተኛው ወር በየጎኑ 45 ኪሎ አስገብቼ ስነሳ 110 ኪሎ አነሳሁ ብዬ ቤቴ ድረስ በደስታ ሄድኩ። ባሩ ቀጠን ያለ መሆኑ አጠራጥሮኝ ስለነበር በማግስቱ የመጋዘናችንን ተንጠልጣይ ሚዛን ተውሼ ስመዝነው 12 ኪሎ ብቻ ሆኖ ተገኘ። በዚህ ስሌት ያነሳሁት 102 ኪሎ፣ በቡና ነጋዴ አቆጣጠር ልክ ስድስት ፈረሱላ ነው፤ ወገቤም ደህና ነው። ለሥራ አስኪያጁ ብነግረው አመስግኖኝ አስተካክላለሁ አለ፤ የግድግዳው ጽሑፍ ግን እስከ ትናንት ጠዋት 20 ኪሎ እንዳለ ነው።