በታርጋ የሚከፈት መኪና ማቆሚያ፦ የሦስት ወር ደንበኛ አስተያየት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በወር 165 ዶላር የምከፍልበት መኪና ማቆሚያ ካርድ መስጠት አቁሞ ታርጋ በሚያነብ ካሜራ መሥራት ከጀመረ ሦስት ወሩ ነው። ቦታው ንጹሕ ነው፣ መብራቱም ደህና ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ከሥራ ስመለስ፣ በተለይ በዝናብ፣ መስኮት ሳልከፍት መግባቴን ወድጄዋለሁ።

በሁለተኛው ወር መኪናዬ ጋራዥ ስለገባች የባለቤቴን ይዤ መጣሁ። ማገጃው አልነሣ አለ። የአገሬ ልጅ የሆነው ጥበቃ «ጋሼ፣ አይጨነቁ» ብሎ የእኔን ታርጋ ቁጥር በትልልቅ ፊደል በተራ ወረቀት አተመና ካሜራው ፊት ያዘው። ማገጃው ወዲያው ተነሣ! ልጁ ሊረዳኝ ብሎ ነው፤ አመሰግነዋለሁ። እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ካሜራው የፊደላቱን ቅርጽ እንጂ የተጻፉበት ብረት ይሁን ወረቀት አይለይም። ታርጋዬን ደግሞ መንገድ ላይ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ራሴ ዋሽንግተን ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ትኬት ቆራጭ ሆኜ ስሠራ፣ ትኬት የጠፋበትን ሰው መታወቂያ ሳናይ አናስወጣም ነበር።

ከዚህ የባሰው የክፍያ መተግበሪያው ነው። የይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ የታርጋ ቁጥርና የስቴት ስም ይበቃዋል። ባለቤቴን አስፈቅጄ የእሷን ቁጥር አስገባሁ፤ ቅዳሜ የገባችበት ሰዓት፣ የወጣችበት ሰዓት፣ የመኪናዋም ፎቶ ተደርድሮ መጣ። ከሚያሳድዳት ሰው ሸሽታ እዚህ ሕንፃ ውስጥ የምትኖር ሴት ብትኖርስ? ሰውየው የሚያስፈልገው ድሮም በቃሉ የሚያውቀው ታርጋ ብቻ ነው።

ይህ ከንቱ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዟ ሼፊልድ ከተማ የታርጋ ካሜራዎች የመዘገቧቸው 8.6 ሚሊዮን ያህል የጉዞ መረጃዎች ያለ ይለፍ ቃል በኢንተርኔት ተጋልጠው ተገኝተዋል። በ2019 ደግሞ እዚሁ አሜሪካ በድንበር ላይ የተነሡ የመንገደኞችና የታርጋ ፎቶዎች ከመንግሥት ሥራ ተቋራጭ ተሰርቀዋል።

ለአስተዳደሩ ሁለት ጥያቄ ጽፌያለሁ፦ ፎቶዎቻችን ስንት ቀን ይቀመጣሉ? ለምንስ ከታርጋው ጋር ካርድ ወይም ምሥጢር ቁጥር አይጨመርም? ሦስት ሳምንት አለፈ፤ መልስ የለም። ለንጽሕናውና ለጥበቃው ልጅ ትሕትና ሁለት ኮከብ ሰጥቻለሁ። ከወሩ መጨረሻ በኋላ ግን ሁለት መንገድ ተሻግሮ ወዳለው፣ 20 ዶላር ቢጨምርም ካርድ ወደሚሰጠው ማቆሚያ እዛወራለሁ።