ሲከፈት ፈጣን፣ ሲዘጋ ሰነፍ፦ የውሃ መርጫ ሶሌኖይድ ቫልቭ ከወራት በኋላ

የሶሌኖይድ ቫልቭ (በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚከፈት የውሃ በር) ሻጩ «ፈጣን ነው፣ 5 ሚሊሰከንድ» ሲል አልዋሸም፤ የነገራችሁ ግን የመክፈቻውን ብቻ ነው። የመዝጊያውን ጠይቁት፣ ወሬ ይቀይራል። ወደ ቱርቦ ሞተር የሚገባውን አየር ለማቀዝቀዝ ውሃ ለሚረጭ ሰው ደግሞ ጣጣው ያለው መዝጊያው ላይ ነው።

የእኔው ቫልቭ 12 ቮልት፣ 12 ዋት፣ ያለ አጋዥ ግፊት በቀጥታ የሚከፍት፣ ቀዳዳው 2 ሚሊሜትር ነው። በ10 ባር ፓምፕ፣ በሰከንድ 40 ጊዜ እየተከፈተ ወራት ሠርቷል። ኮይሉ (ማግኔት የሚሆነው የሽቦ ጥቅል) አልተቃጠለም፣ ውሃም አያንጠባጥብም። በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም።

የሚያናድደው ሶኬቱ ውስጥ የተደበቀው ተራ ዳዮድ (ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ነው። ኮይሉ ሲጠፋ የሚፈጠረውን ከፍተኛ ቮልቴጅ ያበርዳል፣ ኮይሉን የሚያበራና የሚያጠፋውን ትራንዚስተርም ያድናል። ግን ከረንቱ በኮይሉና በዳዮዱ እየዞረ ቀስ ብሎ ስለሚያልቅ ማግኔቱ ፕላንጀሩን (ቀዳዳውን የሚከፍትና የሚዘጋውን ብረት) ቶሎ አይለቀውም፤ ሞላው የሚያሸንፈው ዘግይቶ ነው። ከቫልቩ በኋላ የግፊት ሴንሰር ገጥሜ በኦሲሎስኮፕ ሳየው መክፈቻው 5፣ መዝጊያው 15 ሚሊሰከንድ ነው። አንዱ ዙር 25 ሚሊሰከንድ መሆኑን አትርሱ። ከዙሩ 40 በመቶውን ክፍት እንዲሆን ስታዙት 80 በመቶውን ይረጫል፤ ትእዛዙ ከ40 ካለፈ ሙሉ በሙሉ መዝጋቱን ይተወዋል።

«ቫልቩን የሚያዘው ኮንትሮለር ላይ ቀንሰው» ይላል ሻጩ። እስከ የት? ለመክፈት የግድ 5 ሚሊሰከንድ ይፈልጋል፣ አንዴ ከተከፈተ ደግሞ ወደ 15 ሚሊሰከንድ ክፍት ይቆያል። ትንሹ መርጨት ከሞላ ጎደል 60 በመቶ ሆነ ማለት ነው። ቱርቦው ገና መንፋት ሲጀምር ይህን ያህል ውሃ ከገባ ሞተሩ ይንተፋተፋል።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ዳዮዱን ቆርጦ አውጥቶ በምትኩ 36 ቮልት፣ 5 ዋት ዜነር (የተወሰነ ቮልቴጅ ሲደርስ በተቃራኒው አቅጣጫም የሚያሳልፍ ዳዮድ) ከአንድ ተራ ዳዮድ ጋር ፊትና ጀርባ አድርጎ በተከታታይ መግጠም። ከረንቱ በፍጥነት ይሞታል፣ መዝጊያውም ወደ 5 ሚሊሰከንድ ይወርዳል። ትራንዚስተሩ ላይ የሚያርፈው ሞተሩ ሲሠራ ያለው የመኪናው 14 ሲደመር የዜነሩ 36፣ 50 ቮልት ያህል ስለሆነ 60 ቮልት የሚችል ትራንዚስተር ጠባብ ነው፤ ባለ 100 ቮልት ይሁን። ዋስትናው ይቀራል ካላችሁ ይቅር! ከዚህ በኋላ ቫልቩ እንደ ስሙ ሆኗል፣ ዛሬም ቢሆን ከነንዴቴ እሱኑ እገዛለሁ።

ሜታኖል የምትቀላቅሉ ከሆነ የውስጥ ጎሚኒው ኢፒዲኤም የተባለው ዓይነት ይሁን፤ ቫይተን የሚባለው ሌላው ጎሚኒ፣ ተራው ዓይነት፣ በሜታኖል ያብጣል። ቫልቩን ከፓምፑ አጠገብ ሳይሆን ከኖዝሉ (ውሃውን ከሚረጨው ጫፍ) አጠገብ እሰሩት። ከቫልቩ በኋላ ረጅም ቱቦ ካለ፣ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ማኒፎልዱ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገባበት ቱቦ) ውስጥ የሚፈጠረው ቫኪዩም የቀረውን ውሃ ይመጠዋል፤ ሚኒሞ ላይ መንተፋተፍ የሚመጣው ከዚያ ነው።

«ትልቁን ውሰድ፣ ቀዳዳው 6 ሚሊሜትር ነው» ለሚለው ደግሞ መልሱ አጭር ነው። እሱ አብዛኛውን ጊዜ በውሃው ግፊት እየታገዘ የሚከፍት ዓይነት ነው፣ ለመክፈትም ለመዝጋትም ይዘገያል። ውሃውን የሚለካው ኖዝሉ ነው። የኖዝሉ ቀዳዳ 1 ሚሊሜትር እንኳ ሳይሞላ 6ቱ ምን ሊሠራልኝ ነው?