ለጉምሩክ ባለሙያችን ምስጋና፣ የታሪፍ ተመላሽ ለሚጠብቁ አስመጪዎችም ጥቆማ

ቡናና በእጅ የተሸመነ የጥጥ ልብስ ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ የምናስገባ አነስተኛ ድርጅት ነን። ገና ባልተከፈለን የታሪፍ ተመላሽ ላይ የቅድሚያ ክፍያ ለመውሰድ ስንደራደር፣ ከመጀመሪያው ሰነድ እስከ ፊርማው ድረስ ላልተለዩን የጉምሩክ ባለሙያ በአደባባይ ምስጋናዬን ማቅረብ እወዳለሁ። ስማቸው በይፋ እንዲጻፍ ስላልፈለጉ ፈቃዳቸውን አክብሬ ትቼዋለሁ፤ ሥራቸውን ግን በዝርዝር ብናገር ተመሳሳይ ውል ቀርቦለት የሚያመነታ አስመጪ ይጠቀምበታል ብዬ አምናለሁ።

ከኢትዮጵያ በሚገባ ዕቃ ላይ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 5 ቀን 2025 ጀምሮ ተጨማሪ 10 በመቶ ታሪፍ ተጥሎ እንደነበር ይታወሳል። ጥሬ ቡና ቀድሞ ቀረጥ የማይከፈልበት ስለነበር ይህ ወጪ በዋጋ ስሌታችን ውስጥ ጨርሶ ያልነበረ ነው፤ ቡና ከዚህ ታሪፍ ነጻ የተደረገውም በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2026 በ6 ለ3 ድምፅ፣ ታሪፉ የተመሠረተበት፣ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ የኢኮኖሚ ሥልጣን ሕግ ለፕሬዚዳንቱ ታሪፍ የመጣል ሥልጣን አይሰጥም ሲል ወሰነ። ውሳኔው ግን የተሰበሰበው ገንዘብ በምን መንገድና መቼ እንደሚመለስ አልዘረዘረም። የቅድሚያ ክፍያ እንሰጣለን የሚሉት ድርጅቶች ገበያ የሚያገኙት እዚህ ላይ ነው፤ አስመጪው መብቱ ተረጋግጦለት ገንዘቡ እጁ ላይ የለም፣ የሚቀጥለው የቡና ግዢ ደግሞ ቀን አይሰጥም።

እኚህ ባለሙያ ስንት ዶላር እንደምንጠብቅ ከመጠየቃቸው በፊት የጠየቁን ቅጽ 7501 በተባለው የአሜሪካ ጉምሩክ የዕቃ ማስገቢያ ሰነድ ላይ አስመጪ ተብሎ የተመዘገበው ማን እንደሆነ ነበር። ተመላሹ የሚከፈለው በጉምሩክ መዝገብ አስመጪ ሆኖ ለተጻፈው እንጂ ወጪውን በመጨረሻ ለተሸከመው ሰው አይደለም። ከጥጥ ልብሶቻችን ጥቂቶቹ በፈጣን መልእክት የመጡ በመሆናቸው በአስመጪነት የተመዘገበው አጓጓዡ ራሱ ነበር፤ እነዚህን ለብቻ አስቀመጡልን። ቀጥሎ መደበኛውን ቀረጥ ከተጨማሪው ታሪፍ ለዩ። ኢትዮጵያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአጎዋ (የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው ሕግ) ዕድል ውጭ ስለሆነች በጥጥ ልብስ ላይ የምንከፍለው መደበኛ ቀረጥ አለ፣ እሱም በዚህ ፍርድ የማይመለስ ነው። አንድ ገንዘብ ሰጪ ሁለቱን ደምሮ ትልቅ ቁጥር ቢያሳየንም እሳቸው የሚመለሰውን ብቻ ይዘው እንድንደራደር አደረጉ። በመጨረሻም እያንዳንዱን ዲክላራሲዮን በኤሌክትሮኒክ የጉምሩክ ሥርዓቱ ላይ እየከፈቱ ሂሳቡ መቼ እንደተዘጋ ወይም እንደሚዘጋ፣ ማለትም ጉምሩክ ቀረጡን መጨረሻ ላይ የሚወስንበትን ቀን፣ መዘገቡ። ሂሳቡ በተለመደው አሠራር ዕቃው ከገባ በ314 ቀን ገደማ ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ ተቃውሞ ለማቅረብ ያለው ጊዜ 180 ቀን ነው። የቅድሚያ ክፍያ የወሰደ ሰው ይህን ቀን ቢያሳልፍ ዕዳው ይቀራል፣ ተመላሹ ግን አጠራጣሪ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ያመሰገንኳቸው ግን በውሉ ንባብ ነው። ፍርዱ ከመሰጠቱ በፊት የተመላሽ መብት ለእያንዳንዱ ዶላር ከ20 እስከ 30 ሳንቲም ይገዛ እንደነበር በዜና ስንሰማ ስለከረምን፣ ከዚያ የተሻለ ማንኛውም ዋጋ ቸርነት መስሎ ሊታይ ይችላል። እሳቸው ቁጥሮቹን በጊዜ ነበር የሚመዝኑት። ለምሳሌ የ100,000 ዶላር ተመላሽ በ80,000 ቢሸጥ ኪሳራው ገንዘቡ ቢፈጥንም ቢዘገይም ያው 20,000 ነው። ተመላሹ ሳይሸጥ 60,000 ዶላር በብድር መልክ በወር 2 በመቶ ክፍያ ቢወሰድ ግን ወጪው በአምስት ወር 6,000፣ በአሥር ወር 12,000 ይሆናል፤ ነገሩ ዓመት ተኩል ከተሻገረ ደግሞ መሸጡ ይሻል ነበር ማለት ነው። ይህን በአንድ ገጽ ሠርተው ሰጡን፣ ምርጫውንም ለእኛ ተዉት።

ሌሎች ሦስት አንቀጾችንም አስቀይረዋል። መንግሥት በተመላሹ ላይ የሚጨምረው ወለድ ለገንዘብ ሰጪው ይሁን የሚለው ወደ እኛ ተመለሰ። ተመላሹ ቢቀነስ ወይም ቢቀር ልዩነቱን ከድርጅቱ ሌላ ንብረት እንከፍላለን የሚለው ግዴታ፣ ጥፋቱ የእኛ በሆነበት ሁኔታ ብቻ እንዲሠራ ተወሰነ። በድርጅቱ ንብረት ሁሉ ላይ ሊመዘገብ የነበረው መያዣም በተመላሹ ብቻ ተገደበ፤ ይህ ባይሆን ኖሮ ነገ ከባንክ ብድር ስንጠይቅ መጋዘናችን ሳይቀር ተይዞ ይገኝ ነበር። በመንግሥት ላይ ያለን የገንዘብ ጥያቄ ከመጽደቁ በፊት ለሌላ ማስተላለፍን የአሜሪካ ሕግ ስለሚገድብ ገንዘቡ መጀመሪያ ወደ እኛ ሂሳብ እንዲገባ፣ ከዚያ ድርሻው ለሰጪው እንዲተላለፍ ተደርጎ ነው ውሉ የተጻፈው። ጉምሩክ ከፌብሩዋሪ 2026 ወዲህ ተመላሽ የሚከፍለው ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር በኤሌክትሮኒክ መንገድ ስለሆነም፣ የባንክ ሂሳባችን በሥርዓቱ ላይ መመዝገቡን ሳያረጋግጡ እንድንፈርም አልፈቀዱም።

የቅድሚያ ክፍያ ለሁሉም ይበጃል አልልም። እሳቸውም መጠበቅ የሚችል ነጋዴ ቢጠብቅ ይሻለዋል ባይ ናቸው፤ እኛም የወሰድነው ለወቅቱ ግዢ የሚበቃንን ያህል ብቻ ነው። የሚያስከፍሉት በሰዓት ሲሆን ከገንዘብ ሰጪ ድርጅቶች ኮሚሽን አይቀበሉም፤ ይህንንም ሳንጠይቃቸው ገና በመጀመሪያው ውይይት በጽሑፍ ሰጥተውናል። ለስልክ መልስ ቶሎ የሚሰጡ አይደሉም፣ ለጽሑፍ ጥያቄ ግን ተሟልቶ ይመልሳሉ።

አድራሻቸውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝና ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛለሁ። ሲሄዱ የቅጽ 7501 ቅጂዎችን፣ የክፍያ ማስረጃዎችንና የቀረበላችሁን ውል ሙሉውን ይዛችሁ ቅረቡ፤ የውሉን ማጠቃለያ ብቻ ይዞ የመጣን ሰው አያስተናግዱም።